ከአባቷ ትከሻ ላይ

ልጅቷ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛዋለች እንጂ አታዞረውም።

«አዙሪውና አሳዪኝ» እላታለሁ። «በየምሰሶው ሲለጥፉት እኔን ያስፈቀደ አልነበረም።»

«እማማ ዘርፌ፣ ከከበድዎት ይቅር ብዬ ነው።»

«ከስድስት ኪሎ እዚህ ሀና ማርያም ድረስ ጭቃ ያቦካሽው ይቅር ለማለት ነው?»

ሲሃም ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ክር የምታክል፣ ሻሽ ያሰረች ልጅ። ለምርጫ የቆሙ ሴቶችን ለማዋረድ የተበተኑ ፎቶዎችን እየለቀመች ታጠናለች። ይኼም ትምህርት ሆኖ ዲግሪ ያሰጣል አሉ! ፎቶዎቹ የሐሰት ናቸው ትላለች እሷ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይን ግን አለኝ፣ ያየሁትን አይቻለሁ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ያው ነው። ልጄ ፅጌረዳ ጭኗ ተራቁቶ፣ ጠርሙስ ጨብጣ፣ የማላውቀው ወንድ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። የዛሬ አራት ዓመት ለምክር ቤት በግሏ ቆማ ሳለ፣ ምርጫው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የወጣ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የመብራት ምሰሶ ላይ ጠበቀኝ።

«ያን ቀን ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? ‹እንኳን አባትሽ ይህን ሳያይ ሞተ› አልኳት።»

«እሷስ?»

«‹እማዬ፣ እኔ አይደለሁም› አለች። ‹የወለድኩትን ፊት ልታስተምሪኝ ነው?› አልኳት። በሳምንቱ አዋሳ ገባች። አልጠራኋትም፤ አልመጣችም። አልጋዋን በየቅዳሜው አነጥፋለሁ። ይኼን አትጻፊ።»

ልጅቷ እሱን ብቻ ሳይሆን ምንም አልጻፈችም። በራሴ ላይ አሻግራ ግድግዳውን ታያለች።

«ይኼን ፎቶ የት ነው የተነሣችሁት?»

ባሌ ሮበሌ ባለ መስመር ኮቱን ለብሶ መሐል ቆሟል። እኔ በቀኙ ነኝ፤ ፅጌ በግራው፣ ጉንጯን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ። ቤቴ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

«አልተነሣንም» እላታለሁ በኩራት። «ሮበሌ ከእኛ ጋር ፎቶ ቤት ሳይገባ ነው የሞተው። ‹ሰው እንዴት ለመስታወት ይቆማል?› ይል ነበር። ከተዝካሩ በኋላ ሠርግ ላይ ሳያውቅ ያነሡትን የእሱን ፎቶ፣ የእኔንና የእሷንም ለየብቻ ይዤ ቄራ ፎቶ ቤት ወረድኩ። ባለሙያው ገጣጠመልኝ። አብረን የቆምን አይመስልም? ሥራው ቢያምርለት አንዱን አትሞ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። እኔም ጎረቤቱን ሁሉ እየጎተትኩ አሳየሁ። ማንም ሰው ተገጣጥሞ ነው ብሎ...»

ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ወረቀት ይዞራል።

ሲሃም ወረቀቱን አንስታ ከግድግዳው ፎቶ አጠገብ ትይዘዋለች።

እነሣና እጠጋለሁ። ያው ሳቅ ነው። ያው ዘንበል ያለ አንገት፣ አንድ ጆሮዋን የሸፈነው ያው ጠጉር። ወረቀቱ ላይ ደግሞ አገጯ ሥር መቀሱ የሳተው ነገር አለ፦ ጥፍር የምታክል ጥቁር ጨርቅ፣ ሦስት ነጫጭ መስመር ያለባት። ያን ቀን ምሰሶው ሥር ቆሜ ጭኗን እንጂ አገጯን አላየሁም ነበር።

የሮበሌ ኮት ናት። ለጥምቀትና ለሰው ሠርግ ብቻ የሚለብሰው፣ እኔን እንኳ አንጠልጥለሽ አስቀምጪው እንጂ አትጠቢው የሚለኝ ኮት።

ልጄን ከአባቷ ትከሻ ላይ ነው ቆርጠው የወሰዷት። ፎቶ እንደሚገጣጠም ደግሞ በዚህ ሰፈር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ልጅቷ ዱካውን ስባ ታስቀምጠኛለች።

«እማማ፣ ብዙ ሰው ነው የተታለለው።»

«እኔ ብዙ ሰው ነኝ? እናቷ ነኝ!»

ደንግጣ ሻሿን ታስተካክላለች። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «ሐሙስ አዋሳ እሄዳለሁ» ትላለች። «ፅጌረዳን ላነጋግራት ቀጥራኛለች።»

«ከስታለች?»

«ገና አላየኋትም። በስልክ ነው ያወራነው።»

«ድምጿስ?»

«ደህና ነው። ስለ ፎቶው ሁሉንም ትነግረኛለች። ስለ ቤት ስጠይቃት ግን...»

«በቃ። ገባኝ።»

«መልእክት ካለዎት ልጻፍልዎት?»

«ያንቺን ጽሕፈት ምን ታደርገዋለች?»

ከቦርሳዋ መዳፍ የምታክል ቴፕ ታወጣለች። «በዚህ ድምፅዎን ልውሰድላት። ሰው ሳናግር የምቀዳበት ነው፤ እስካሁን ያላወጣሁት ስለፈራሁዎት ነው።»

«ደግ አድርገሻል። ቀድመሽ አውጥተሽው ቢሆን ስወረውረው መስኮት ይሰብር ነበር።» በሩን አሳያታለሁ። «ቴፑን ክፈቺልኝና ውጪ። ጆሮሽንም ይዘሽ ሂጂ፤ አጥሩ ጋ ቁሚ።»

ቀዩን ቁልፍ ተጭና፣ በሩን ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘግታ ትወጣለች።

ካሴቱ ይዞራል። ዕድር ላይ አፌን ከከፈትኩ ሊቀመንበሩ ራሱ መዝገቡን አጥፎ ነው የሚያዳምጠኝ። ይቅርታ ግን ሲሉኝ እንጂ ስል የኖርኩ ሴት አይደለሁም፤ በየት በኩል እንደሚጀመር አላውቀውም። ሰው የገባ ይመስል ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

«ፅጌ!» እላለሁ፣ ሜዳው ላይ ስትጫወት ሲመሽባት እንደምጠራት።

ካሴቱ ይዞራል። «አቤት» እስክትለኝ እጠብቃለሁ።