አሪፋ ያላየችው ህልም

«እማ፣ ታዲያ ምን ታየሽ?»

አሪፋ የቃሪያው ተክል ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች፤ እጇ የያዘውን ቃሪያ ቀጠፈ፣ ማዳበሪያው ውስጥ ጣለ፣ ሌላ ፈለገ። ልጇ ኢንሳፍ ከመስመሩ ጫፍ ቆማ ትጠብቃለች። ጥቁር አባያዋን ለብሳ፣ ፓስፖርቷን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች። ከቀትር በፊት ደሴ ደርሳ ለኤጀንሲው ካላስረከበች የሪያዱ ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ኢንሳፍ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነጥብ ሳይመጣላት ከቀረ ወዲህ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። አሁን ሀያ የምትባለው ጎረቤታቸው ልጅ ከሆነችው ከሰሚሃ ጋር አብረው ሊሄዱ ተማክረዋል። አባቷ እንድሪስ «እናትሽ ያለችው ይሁን» ብሎ ተገላገለ። አሪፋ ደግሞ «ሦስት ቀን ስጡኝ፤ ኢስቲኻራ ልስገድ» አለች። አላህን ሳታማክር የወሰነችው ነገር የለም። የውሃ መሳቢያው ሞተር ሲበላሽም፣ ቲማቲሙ ማሳው ላይ ሲበሰብስም፣ መጀመሪያ መስገጃዋን ነው ያነጠፈችው። ኢስቲኻራ የሰገደ ሰው በህልሙ ይነገረዋል ይባላል፤ ነጭ ነገር ካየ ይሂድ፣ ጥቁር ካየ ይቅር።

እሷ ሦስቱንም ቀን ምንም አላየችም። እንቅልፍም በቅጡ አልወሰዳት።

በጎን ባለው መስመር ሀያ ትለቅማለች። ጠዋት ማሳው እንደገቡ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔስ ለሰሚሃ ጥቁር ውሃ ሲወስድሽ አየሁ አልኳት» ብላት ነበር።

«እውነት አየሽ?»

«ምኑን አየሁት! እንደ ግንድ ተጋድሜ ነው ያደርኩት። ልጄን አስቀረሁ፣ በቃ። አንችም አንድ ጥቁር ነገር ፈልጊ። አላህ መሓሪ ነው።»

አሁን ሀያ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ኧረ አሪፋዋ፣ ልጅቱ ቆማ ደረቀች እኮ! የታየሽን ንገሪያት እንጅ።»

ጥቁር ውሃ። ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልጋትም። ኢንሳፍ ታምናታለች። አባያዋን አውልቃ፣ አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ ተመልሳ መስመር ትገባለች። ነገም እዚሁ ናት፤ ከርሞም። አሪፋ ከቀበሌው የሄዱትን ልጆች በልቧ አሰበቻቸው። ለእናታቸው ቆርቆሮ ቤት የሠሩ አሉ። ድምፃቸው የጠፋም አሉ።

ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ከማሳው ወዲያ ሐይቁ ላይ አንዲት ታንኳ መረብ ትስባለች። «ያ ረቢ» አለች በሆዷ፣ «ምንም አልነገርከኝም። ነገረኝ ብዬ በስምህ እንዳልዋሽ አንተው አፌን ያዝልኝ።»

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«ምንም አልታየኝም።»

ሀያ «ኤዲያ!» ብላ የቀጠፈችውን ቃሪያ ወረወረችው።

«ጭራሽ ምንም?» አለች ኢንሳፍ።

«ምንም፣ ወላሂ። ጥፋቱም የኔው ነው። ኸይሩን፣ ደጉን ምረጥልን ብዬ መለመን ሲገባኝ፣ ሱጁድ በወረድኩ ቁጥር አስቀርልኝ፣ አስቀርልኝ ስል ከረምኩ።»

ኢንሳፍ ሳቋ አመለጣት። «እማ! ታዲያ ምን ይታይሽ? አንች ጨርሰሽ ወስነሽ!»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ይልቅ ሂጅና አንችው ስገጅ። የምትሄጅውም አንች፣ የምትቀሪውም አንች። ያንችን ሶላት ነው እኔ የወሰድኩብሽ።»

ኢንሳፍ ፌስታሉን ለእናቷ ሰጥታ ከመስኖው ቦይ እጅ እግሯን ታጥባ ውዱእ አደረገች። አሪፋ ለዙህር ሶላት ይዛው የወረደችውን መስገጃ በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ማንጎው ሥር አነጠፈችላት። ልጅቱ ቆመች፣ አጎነበሰች፣ ግንባሯን መሬት አስነካች።

አሪፋ ፌስታሉን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ቃሪያዋ ተመለሰች። ዛሬ «አስቀርልኝ» አላለችም። «ኸይሩን» አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ሌላ ቃሪያ ቀጠፈች።

ኢንሳፍ የሁለት ረከዓ ስግደቷን ጨርሳም ቶሎ አልተነሣችም። መዳፎቿን ዘርግታ ብዙ ቆየች። ከዚያ መስገጃውን አጥፋ መጣች።

«እማ፣ ልቤ ወደ መሄዱ ነው ያለው።»

የአሪፋ ዓይን ሞላ። እጇን ስታነሣ ኢንሳፍ ዘልላ ያዘቻት።

«ኧረ ቃሪያ! ዓይንሽን ልታጠፊው ነው እንዴ?» በሻርፗ ጫፍ እሷው ጠረገችላት።

አሪፋ ሳቀችም አለቀሰችም። «ቢስሚላህ በይና ሂጅ» አለች ፌስታሉን እየመለሰችላት። «ኸይርሽ እዚያ ከሆነ ያግራልሽ። ካልሆነም መኪናውን ያበላሸው፣ ወረቀቱን ያጥፋው፤ እሱ አያቅተውም።»

«አሚን። መኪናውን ግን ሳልሳፈር ያበላሸው።»

ከላይ ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩንባ ተሰማ። ኢንሳፍ ሽቅብ ስትወጣ ሰሚሃ ባዶ ማዳበሪያ በክንዷ አንጠልጥላ፣ የሥራ ቀሚሷን ለብሳ ቁልቁል ስትወርድ ቦዩ ላይ ተገናኙ። ተቃቅፈው ቆዩ። ሰሚሃ አለቀሰች። ሀያ እንዳጎነበሰች መስመሯን ትለቅማለች፤ ቀና ብላ አላየችም። አሪፋም ከሀያ የሰማችውን ለማንም አላወጣችም።

በወሩ መጨረሻ ኢንሳፍ ሄደች። ሰሚሃ ቀረች።