ሰማይ የጋረደ ኮኮናት

ሰልፊና ስልኳን ወደ ሰማይ አንስታ በግቢው መሀል ለሦስተኛ ጊዜ ዞረች። ስክሪኑ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወጣ፤ በባሕሩ በኩል ግን መተግበሪያው ሰማዩን ይጋርዳል ብሎ በቀይ ያመለከተው አንድ ነገር ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኮኮናት ዛፍ ነው። የራሷ።

እናቷ ማማ ዶርቲያ ገና ያልተተከለው የሳተላይት ኢንተርኔት ሳህን ካርቶን ላይ ተቀምጣ ስልኩ ምን እንደሚል ጠየቀቻት። ሰልፊና መጀመሪያ ከካርቶኑ እንድትነሳላት ለመነቻት፤ አልተነሳችም።

በሚኖሩባት ደሴት ልጅ ሲወለድ እትብቱ ይቀበርና ከላዩ ኮኮናት ይተከላል። የወንድሟ የቤርቱስ ዛፍ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ምንም አይጋርድም። የሰልፊና ከፊት ለፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ላይ ሲሄድ ኖሯል።

የድሮው ሳህን አንድ ቦታ ላይ አፍጥጦ ይውል ነበር። የአሁኖቹ ሳተላይቶች ግን ዝቅ ብለው እየተከታተሉ የሚሮጡ ናቸውና ሰፊ ሰማይ ይፈልጋሉ፤ ዛፍ ከመሀል ከገባ በቪዲዮ የሚያወሩት ሰው ፊት በየደቂቃው ይጠፋል። ሰልፊና ጎረቤታቸው ማርሲያና ጣሪያ ላይ እንትከለው ብትላት እናቷ አልሰማቻትም። አራት ዓመት ያላየሁትን ልጄን ሰው ቤት ሄጄ፣ ሰው እያየኝ ላለቅስ ነው ወይ አለች። ቤርቱስ ጭነት መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ መርከቡ እንኳ አምና ሳህን አስተክሏል። በመንደሩም ዋጋው ከወረደ ወዲህ ነጭ ሳህን የሌለበት ጣሪያ ጥቂት ነው። አብዛኛውን የተከለችው ሰልፊና ናት፣ ከዘጠኝ ዓመት የሆላንድ ትምህርት ተመልሳ። የእናቷን ቤት ግን ዛሬ ነገ ስትል ቆየች።

የእናቷ ወንድም ላምበርት፣ እሷ ኦም፣ አጎቴ የምትለው፣ ሞተር መጋዙን ተሸክሞ መጣ። ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየና፣ ይኼስ ከባለቤቱ የተሻለ ሥር አለው ብሎ አሾፈ።

ሰልፊና ሳቀች፤ ሳቋ ቶሎ አለቀ። ማክሰኞ ዕለት ከጀርመን፣ ከሃምቡርግ ለመጣላት የሥራ ደብዳቤ እሺ ብላ መልሳለች። ለማንም አልተናገረችም። ሆላንድ ሳለች የዚህን ባሕር ሽታ ስትናፍቅ ኖራ፣ ተመልሳ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የባቡር ጣቢያ ድምፅ በሕልሟ ይመጣባት ጀመር።

"ማማ፣ ይቆረጥ? እርግጠኛ ነሽ?"

"ምን ያጠያይቃል?" እናቷ በመጨረሻ ከካርቶኑ ተነሳች። "ዘጠኝ ዓመት ጠዋት ጠዋት ይኼን ዛፍ 'ልጄ፣ እንዴት አደርሽ' የምለው አንቺ ስላልነበርሽ ነው። ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። አሁን አንቺው አለሽልኝ። እንጨት ምን ያደርግልኛል?"

ኦም ላምበርት የመጋዙን ገመድ ሳበ። በሦስተኛው ተነሳ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። የመጋዙ ጥርስ ግንዱን ነክቶ ትንሽ ፍቅፋቂ እግሩ ላይ ረገፈ።

"ቆይ፣ ኦም።"

አልሰማትም። ሄዳ ክንዱን ያዘችው። መጋዙ ጸጥ አለ። ምክንያት ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ ነፋስ አለ፣ ሌላ ቀን ይሁን፣ እንዲህ ያለ ነገር። በመጨረሻ መጋዙ የነከሰውን የግንዱን ቦታ በመዳፏ ሸፈነች።

እናቷ አየቻት።

"መቼ ነው የምትሄጂው?" አለች።

"ከፋሲካ በኋላ።"

ኦም ላምበርት አንዴ እህቱን፣ አንዴ የእህቱን ልጅ አየ። ማማ ዶርቲያ ግባና የካሳቫ ቂጣ ብላ፣ ዓሣም አለ አለችው። መጋዙን አስቀምጦ ገባ።

"እንግዲህ ዛፉ ይቆይልኝ" አለች፣ "ቤርቱስን እነ ማርሲያና ቤት ሄጄ እያየሁ አለቅሳለሁ።"

ከዚያ ቀና አለች። እጇን ከግንባሯ ላይ አድርጋ የዛፉን የፍሬ ዘለላዎች ተራ በተራ አየች፤ አረንጓዴዎቹን፣ ገና ጡጫ የሚያክሉትን። ለመንገድ የትኛው እንደሚደርስ የምትገምት ትመስላለች።