ሰው የሌለበት ሰፈር

«ውሸት ነው!!»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞር አለ…

የጮኹት እትዬ ካውያ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ እየተኮሱ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት… እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፣ ካውያቸውን ግን የማያውቅ የለም።

ከፊት ወረቀት ይዞ የቆመው የቀበሌው ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ፣ እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው። ጥናቱ የሚለው… በዚህ ሰፈር ካሉት አርባ ሁለት ቤቶች ውስጥ አርባ አንዱ ሰው አይኖርባቸውም።»

ልብ በሉልኝ እንግዲህ!

ይሄ ሰፈር ማለት እኮ… አንዱ ሲያስነጥስ ከሦስተኛው ቤት «ይማርህ» የሚባልበት ነው። ጣራው ከጣራ የተጋጠመ፣ አንድ ቧንቧ ለሁሉም፣ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ… የአንዷ ድስት ሲያር ጎረቤት ሮጣ እሳቱን የምታጠፋበት ሰፈር።

እሱን ነው «ሰው የለበትም» ያሉት!

ነገሩ እንዲህ ነው… ሰፈሩ ሊፈርስ ነው። ሰው ይኖርበታል ተብሎ የተመዘገበ ምትክ ቤት ያገኛል። «ባዶ» የተባለ ግን እቃውን ይዞ ሜዳ ላይ ነው።

«እንዴት ነው ባዶ የተባልኩት?» አሉ የእትዬ ካውያ ጎረቤት፣ አናጺው። «ከነሚስቴ ከነአራት ልጆቼ የት ሄጄ ነው?»

«ባለሙያው ማክሰኞ ዕለት ቤት ለቤት ዞሮ አንኳኩቷል፣ ጋሼ። የከፈተለት ግን የለም።»

አንኳኩቷል!!

እዚህ ሰፈር የሚያንኳኳ ሰው የለማ! የመጣ ሰው ከውጭ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል… ድምፁ ከታወቀ ይከፈትለታል። ዝም ብሎ የሚያንኳኳ ወይ ቤት አስለቃቂ ነው ወይ ሌላ መዘዝ ይዞ የመጣ ነው። ስለዚህ በር ሲንኳኳ ሬዲዮ ይጠፋል፣ ልጆች «ዝም!» ይባላሉ፣ ሰውየው እስኪሄድ ድረስ ቤቱ ጭጭ ይላል። ይሄንን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ማክሰኞም የሆነው ይኸው ነው። እትዬ ካውያ ራሳቸው ካውያቸውን አቁመው ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር።

«የሰፈሩን ጠባይ የማያውቅ ባዕድ ልከው ጉድ ሠሩን!» አሉ አናጺው።

«ቆይ ቆይ…» አለች አንዷ ከኋላ። «አርባ ሁለተኛው ቤት የማን ነው?»

ጸሐፊው ገጹን ገለጠ።

«ቤት ቁጥር አሥራ ሰባት። በሩ ተከፍቷል። ነዋሪዋ አንዲት አሮጊት ናቸው… ልብስ በመተኮስ ይተዳደራሉ። ቀኝ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ምድር ቤት ይሰጣቸው ይላል።»

የሁሉም ዓይን እትዬ ካውያ ላይ አረፈ።

«ለካ አንቺ ከፍተሻል!» አሉ አናጺው። «ለራስሽ ጨርሰሽ ነው እዚህ ከእኛ ጋር የምትጮኺው?»

«አልከፈትኩም! አንድ ልጄን ይንሳኝ አልከፈትኩም!» አሉና… ድንገት እጃቸው ወደ ቀኝ ጉልበታቸው ሄደ።

ጉልበታቸው…

ጉልበታቸውን ማን ያውቃል? «አሁንማ ቆማ መሥራት አትችልም» ተብሎ ደንበኛ እንዳይሸሽባቸው ለጎረቤት እንኳ ተናግረው አያውቁም። የነገሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ስልካቸውን አወጡ። ደወሉ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቁት።

«አቤት እማዬ!» አለ አንድ የጎልማሳ ድምፅ።

«ማክሰኞ ያንኳኳኸው አንተ ነህ?»

«እማዬ… ያንቺ ቤት ጉዳይ አልቋል፣ አታስቢ። ብቻ ለማንም እንዳታወሪ።»

«ሲንኳኳ እንደማይከፈት አታውቅም?!»

«አውቃለሁ! ስለማውቅ እኮ ነው ሰፈሩን የሚያፈርሱት ሰዎች ሥራውን የሰጡኝ! የሚሰጠው ምትክ ቤት እንዲያንስላቸው ነው የፈለጉት። እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይሠራው ነበር… ቢያንስ አንቺን አተረፍኩሽ።»

ሰማችሁ?!

ባዕድ አይደለም። የገዛ ልጃቸው ነው! እናቱ ካውያ ሲገፉ ምሳውን አናጺው ቤት ሲበላ ያደገ፣ የሚያጠናበትን ጠረጴዛ አናጺው በነፃ የሠሩለት… ያ የሰፈሩ ልጅ! የሰዎቹን አመል ከማንም በላይ ስለሚያውቅ፣ በዚያው በአመላቸው ጉድ ሠራቸው።

እትዬ ካውያ አላለቀሱም። ደማቸው ነው የፈላው!

«አላተረፍከኝም» አሉት። «አንተን ባሳደጉልኝ ሰዎች ፊት አዋረድከኝ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት። ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛም እያነከሱ ሄዱ።

«ጻፍ። ቁጥር አሥራ ሰባትም አልከፈተችም። ጥናቱ ውሸት ነው። የሠራው ልጄ ነው፣ እኔ እናቱ እመሰክራለሁ።»

ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ… ይሄን ከፈረሙ የእርስዎም ቤት ይሰረዛል። ልጅዎም ይጠየቃል። እስቲ ተረጋግተው ያስቡበት።»

«አስቤበታለሁ። ቀለሙን አምጣ።»

አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

አናጺው አጠገባቸው መጥተው ቆሙ። «ይቅር በይኝ» አሏቸው።

ጥናቱ ታግዷል፣ እንደ አዲስ እንዲሠራ ታዟል። ምትክ ቤት ግን እስካሁን ማንም አላገኘም፤ እትዬ ካውያም አላገኙም። ልጅየው ከሥራው ወጥቷል… «እናቴ ናት ያጠፋችኝ» እያለ ነው አሉ። ሃፍረት የሚባል ነገር እኮ አልፈጠረበትም!

ወገኖቼ… ባዕድ ቢጎዳን ሳያውቀን ነው። ያጎረሰውን እጅ የሚነክስ ግን አውቆን ነው የሚነክሰን። እናትህን ብቻ ይዘህ እናትህን ደግፎ ያቆማትን ጎረቤት ከሸጥክ፣ እናትህንም አብረህ ሸጠሃታል!

አሁን እናንተ ንገሩኝ… በእትዬ ካውያ ቦታ ብትሆኑ በገዛ ልጃችሁ ላይ ትፈርሙ ነበር? ወይስ «የእናት አንጀት» ብላችሁ አርባ አንድ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ዝም ትሉ ነበር?

ስታስመስሉ አልወድም… የልባችሁን ጻፉ።