ዓባይነህ ሳይመርቀው የማይፈታው ወንበር

«እንዳትነኪው አልኩሽ!»

ተዋበች ከጓሮ ሮጣ ገባች… የልጇን እጅ ወንበሩ ከተጠቀለለበት ላስቲክ ላይ መንጭቃ አነሳች።

«እማዬ… ጎማውን ብቻ እኮ ነው የነካሁት።»

«ጎማውም ቢሆን! አባትሽ ይምጣና ይፍታው።»

ጥሩብርሃን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ገና በእቅፍ ሳለች ልምሻ ሁለት እግሯን ወስዶባታል።

አባቷ ዓባይነህ ደግሞ ሰሜን ዘምቷል። ከሄደ ወዲህ… ወሬው የለም።

ጊዜው 1978 ዓ.ም.፣ አገሩ ጂንካ ነው።

ወንበሩ የመጣው በአውሮፕላን ነው።

ያን ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ የሚግጡት ከብቶች ሲባረሩ ጂንካ ግልብጥ ብላ ወጣች… በሽተኛው ከአልጋው ወጣ፣ ሙሽራው ከጫጉላው ወጣ፣ የሞተውም ቢሆን ቀና ብሎ ሳያይ አልቀረም!

ባለጎማ ወንበር በዚያ አገር ማን አይቶ ያውቃል?

አንዱ «የአውሮፕላኑ ግልገል ነው» አለ… ሰው ሁሉ አመነው።

ዕቃውን ያመጣው ሰውዬ ብዙም አላወራም።

«ለጥሩብርሃን ዓባይነህ ነው። ከአንድ በጎ አድራጊ። ስሙ አይነገርም።»

ተዋበች ተንበርክካ መሬት ሳመች።

በዚያ ቤት ግን ደንብ አለ። አዲስ ነገር ሲገባ፣ ነጠላም ይሁን ማረሻ፣ አባወራው ሳይመርቀው አይነካም። ዓባይነህ በእጁ ፈትቶ «በጤና ጨርሱት» ሲል ነው ዕቃው የቤት የሚሆነው።

ተዋበች ደግሞ ሌላ ነገር ፈርታለች።

«እኔ ከፈታሁት አይመጣም ማለቴ ነው። በባሌ ላይ አላሟርትም!»

ስለዚህ ወንበሩ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ጥግ ያዘ… ልጅቷ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ትምህርት ቤት ትመላለስ ጀመር።

ጎረቤቷ ፋጢማ ባለሱቅ ናት። ጂንካ ሆና ስትናገር ሩቅ ዲመካ ከተማ ያለ በሬ ይበረግጋል።

«አንቺ ተዋበች! ወንበሩን ለቀበሌው ሊቀመንበር ነው ያስቀመጥሽው?»

«ለአባቷ ነው።»

«አባቷማ እግር አለው! እግር ያጣችው እሷ!»

«ፋጢማ፣ በአላህ ተይኝ።»

«ወላሂ ልነግርሽ ነው… ልጅቷ ታድጋለች፣ ወንበሩ ግን አያድግም!»

ተዋበች ሰማች… እንዳልሰማ ሆነች።

ጥሩብርሃን አደገች። ሦስተኛ ክፍልን ስትጨርስ የእናቷ ወገብ ተቆረጠ።

«እማዬ፣ በወንበሩ ልሂድ?»

«ለገና ይመጣል አባትሽ።»

ገና አለፈ።

«ለፋሲካ።»

ፋሲካም አለፈ…

እኩዮቿ አራተኛ፣ አምስተኛ ክፍል ሲገቡ እሷ ደጃፍ ተቀምጣ የትምህርት ቤቱን ደወል ታዳምጣለች። ስም የሚጠራበት ሰዓት ሲደርስ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ቀስ ብላ «አቤት!» ትላለች።

ተዋበች ይህን በሰማች ቁጥር እጇን ወደ ላስቲኩ ትዘረጋለች… ባሏ ትዝ ይላታል… ትመልሰዋለች።

ደርግ ወደቀ።

በወሩ ገደማ አንድ የጭነት መኪና ገበያው ዳር ቆመ። ረዳቱ አንድ ጎልማሳ አዝሎ ወረደ።

ቀድማ ያወቀችው ፋጢማ ናት። ልትጮህ አፏን ከፈተች… ያ ሁሉ ምላስ ድምፅ አጣ።

ዓባይነህ ነበር። ሁለት እግሮቹ ከጉልበታቸው በላይ ተቆርጠዋል።

ተዋበች እልል ማለት ጀመረች… እልልታው መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ።

ዓባይነህ ቤት ገብቶ ልጁን አቅፎ ሳማት። ቀና ሲል ግን ዓይኑ ጥግ ላይ ተተከለ።

«ይሄ… ምንድነው?»

«ወንበሯ ነዋ! አንድ ደግ ሰው የላከላት። አንተ መጥተህ መርቀህ እስክትፈታው ብዬ…»

«እስከ ዛሬ አልተቀመጠችበትም?»

«አንተ ሳታየው?»



«ተዋቡ… የላክሁት እኔ ነኝ።»

ዓባይነህ ልጁን አየና ቀጠለ።

«እግሬ የተቆረጠ ጊዜ የቁስለኞች ማገገሚያ ገባሁ፤ እዚያ ወንበር ሊሰጡኝ ነበር። የእኔን ተዉትና የልጅ ስጡኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ስሜን አትንገሩ ያልኩት… ካወቅሽማ መጥተሽ ትወስጅኛለሽ። ሁለት ሰው በአንድ ጀርባ እንዴት ላሸክምሽ? እሷ ትሂድ፣ እኔ እዚያው ልቅር ብዬ ነው። አሁንም የመጣሁት ማገገሚያው ተበትኖ መጠጊያ ባጣ ነው።»

«እኔ እኮ ምርቃትህን ነበር የምጠብቀው!»

«ምርቃቴ እሱ ነበር…»

ላስቲኩን ራሱ ቀደደው። የመቀመጫው ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ጎማው በቆመበት በስብሷል። አንድ ቀን እንኳ ጭቃ ሳይነካው።

ተዋበችና ፋጢማ ጥሩብርሃንን አንስተው ሊያስቀምጧት ሞከሩ።

የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ ናት… የሕፃን ወንበር ውስጥ አልገባ አለች።

ደግመው ሞከሩ።

«ተዉት» አለች ጥሩብርሃን። «አባዬ… ወንበሩ ቆንጆ ነው።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወዳጆቼ… የራቀውን ሰው በታማኝነት ስንጠብቅ፣ አጠገባችን ያለው ልጅ ዕድሜ ግን እኛን አይጠብቅም። የሚሰጥም ሰው ስሙን ሲደብቅ፣ አንዳንዴ ስጦታውንም አብሮ ይደብቀዋል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ…

በባሏ ላይ ላለማሟረት ብላ የጠበቀችው ተዋበች ናት ያጠፋችው? ወይስ ሸክም ላለመሆን ስሙን የደበቀው ዓባይነህ?

እናንተ ጥሩብርሃንን ብትሆኑስ… ከሁለቱ ማንን ቀድማችሁ ይቅር ትሉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።