መሊካ ያልተናገረችው

መሊካ አምቦ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ውፍረቷ የሰው መቀለጃ ሲሆንባት፣ ባሏን ሰዲቅን «እህቴን ልጠይቅ» ብላ አዲስ አበባ ሄደችና ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አሳንሳ ተመለሰች። በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ ልቧ ድው ድው አለ፤ ሕመሙ እስከ ግራ ትከሻዋ ዘለቀ። ከሆስፒታል ሲሸኟት «እንዲህ ከሆንሽ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳትቆዪ» ብለዋት ነበር። እሷ ግን አፍራ፣ «ጨጓራዬ ነው» እያለች አንድ ቀን ሙሉ ቆየች።

በማግስቱ ሰዲቅ ደግፎ አምቦ ሆስፒታል ሐኪም ዘንድ አደረሳት።

«እህቴ፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና አድርገሻል?» አላት ሐኪሙ።

ባሏን ሰረቅ አድርጋ አየችው። «ወላሂ፣ አላደረግኩም።»

«እስቲ ሆድሽን ልየው» ሲላት ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

ያኔ የሰዲቅ ስልክ ጮኸ። አንድ እጁ እሷን ስለደገፈ ስፒከር ላይ አድርጎ አነሳው።

«ሰዲቅዬ፣ ዋሽቼሃለሁ» አለች አንዲት ሴት እያለቀሰች። «ጨጓራዬን ተቆርጫለሁ። ስፌቱ ሳይለቅ አልቀረም። አፍሬ ነው፤ ንገራቸው።»

ሐኪሙ የቀዶ ጥገና ክፍሉ እንዲዘጋጅ ወደ ነርሷ ጮኸ። ሰዲቅ ግን ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ከስልኩ የሚሰማው የእሷው ድምፅ ነበር።

መሊካ አፏን በመዳፏ ከደነች። ድምፁ ግን አላቆመም።