የሚያቃናው ዱላ

ማንግ አዲሱን ረጅም የጎልፍ ዱላ ጨብጦ ኳሷ አጠገብ ቆመ። አለቃው ሊቀመንበር ፒዮ ቀድመው መትተዋል፤ ኳሳቸው ከሴኡል ኮረብቶች ሥር፣ ሜዳው መሀል ተቀምጣለች። የአለቃን ኳስ ማለፍ ነውር ነው። ማንግ እንደ ልማዱ ኳሷን ሜዳው ዳር ወዳሉት ጥዶች ሊሰዳት አስቦ፣ ሆን ብሎ በዱላው ጠርዝ መታት።

ዱላውን የሸጠለት ሰው፣ «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ በጠርዙ ቢመቱ እንኳ ኳሷን ያቃናልዎታል!» ብሎ ሲምልለት ስቆበት ነበር። አሁን ግን ኳሷ ወደ ጥዶቹ ዘመም አለችና፣ ሐሳቡን እንደ ቀየረ ሰው ተመልሳ የሊቀመንበሩን ኳስ በአየር ላይ አልፋ ሄደች። «ጎሽ!» የሚል ጠፋ። ዱላ ተሸካሚዋ ሴትዮ እንኳ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ነፋሱ ነው» አለ ማንግ። አንድ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር።

ሊቀመንበሩ ዱላውን ከእጁ ተቀብለው፣ ኳሷ ጠርዙ ላይ የተወችውን ነጭ ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማንግ» አሉ፤ «እንግዲያ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አሸንፌህ አላውቅማ?»