ያልተሞከረችው ጥይት

ሙዘይን ከሰልፉ ወጥቶ ሮጠ። ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሱት ወጣቶች በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወስዳቸውን መኪና ይጠብቁ ነበር። እሱ አጥሩን ዘለለና ማሽላው የታጨደበትን ማሳ ይዞ ቁልቁል ወደ አርዲቦ ሐይቅ ተፈተለከ። ከማሳው ግርጌ ሸለቆ አለ። እዚያ ከደረሰ ቁጥቋጦው ይውጠዋል።

ታጣቂዎቹ ጠመንጃቸውን ሲያነሡ ከአውራጃ የመጣው ካድሬ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«እናንተ ጥይት አታባክኑ። ኑርዬ ይተኩስ።»

ከታጣቂዎቹ አንዱ የሆነው ኑርዬ ተንበረከከ። ከአርዲቦ እስከ ሐይቅ እሱን የሚያህል ተኳሽ የለም ይባልለታል። ለዚህ ያበቃው የአባቱን ቤልጅግ ጠባይ ማወቁ ነው። ያቺ ጠመንጃ ቀጥ አድርገው ካነጣጠሩባት ጥይቷን ከፍ አድርጋ ወደ ቀኝ ትጥላለች፤ ከዚህ እስከ ማሳው ወገብ ባለው ርቀት ክንድ ሙሉ ትስታለች። ስለዚህ ሚዳቋ ለመጣል ሲፈልግ ሚዳቋዋን ትቶ በስተግራዋ ያለውን ባዶ መሬት ነው የሚያነጣጥረው። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

የሚሮጠው የጎረቤቱ የአሚናት ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ኑርዬ በወባ ወድቆ ሳለ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳውን ያረሰለት ሙዘይን ነበር።

ካድሬው ከኋላው ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ወደ ኑርዬ ጉንጭ አስጠጋ። «አፈሙዝህን እያየሁት ነው» አለ። «ሆን ብለህ ብትስተው በእሱ ቦታ የራስህን ልጅ አሰልፋለሁ።»

ኑርዬ ይህን ሲሰማ ልቡ ቀለል አለው። ካድሬው የሚያየው አፈሙዙን ነው፤ የጠመንጃዋን ጠባይ አያውቅም። ሙዘይንን ለማዳን ሙዘይን ላይ ማነጣጠር ይበቃል።

ያሳሰበችው ጥይቷ ናት። ማለዳ ታጣቂዎቹ የድሮ ጥይታቸውን አስረክበው አዲስ ተሰጥቷቸው ነበር። የድሮዎቹ ጫፋቸው ድቡልቡል ነው፤ እነዚህ ቀጫጭንና ሹል ናቸው። ኑርዬ አንዷን በጣቶቹ መሐል አገላብጦ ካያት በኋላ «ሁለቷን ልሞክር» ብሎ ጠየቀ። «ጥይት ሲለወጥ ጠመንጃ ባዳ ትሆናለች። የት እንደምትጥል ሳላይ አላምናትም።»

ካድሬው ሳቀ። «ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ጥይት ሁሉ አንድ ነው። የአብዮቱ ጥይት ለሙከራ አይባክንም።»

አሁን ያቺ ሹል ጥይት ጠመንጃዋ ውስጥ ናት። ብትለወጥ ምን ያህል ትለወጣለች? ስንዝር ይሆናል። እሱ ደግሞ ክንድ ሙሉ አለው። አፈሙዙን ትንሽ ወደ ጎን ሊያዘነብል ቢፈልግ እንኳ የካድሬው ትንፋሽ ጆሮው ሥር ነው።

ሚዳቋ ላይ ሲተኩስ ቢስሚላህ ይላል። አሁን አላለም። ለመምታት አልነበረማ።

የልጁን ጀርባ መሐሉን ያዘና ምላጩን ሳበ።

ጠመንጃዋ ትከሻውን ረገጠችው። በዕድሜው እንዲህ ረግጣው አታውቅም፤ ቀና ብሎ ከማየቱ በፊት ነገሩን ከትከሻው አወቀው። ሙዘይን ቁልቁለቱን እንደያዘ ጥቂት ተንደረደረና በግንባሩ ተደፋ።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለ ካድሬው፣ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ። «አየህ? ጥይት ሁሉ አንድ ነው አላልኩህም?»

ኑርዬ አገዳው እግሩን እየወጋው ወረደ። ልጁን ገልብጦ ሊያየው አልደፈረም፤ መገልበጥም አላስፈለገው። ደሙ የወጣው ከሁለቱ ትከሻዎች መሐል፣ ልክ እሱ ካነጣጠረበት ነው። ያቺ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችውን መታች።

ከላይ መኪናው መጣና የቀሩትን ወጣቶች ጭኖ ሄደ። ካድሬውም አብሮ ሄደ።

አሚናት ተኩሱን ሰምታ ነው የመጣችው። ልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቱን አቅፋ በፊቱ ላይ የተጣበቀውን አፈር በሻሿ ጫፍ ጠረገችለት። ማን እንደተኮሰ አልጠየቀችም። ቀና ስትል በኑርዬ እጅ ያለችውን ጠመንጃ አየቻት።

«ልስተው ነበር አሚናት» አለ ኑርዬ። «ወላሂ፣ ልስተው ብዬ ነው።»

«አንተ?» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አንተ መቼ ስተህ ታውቃለህ ኑርዬ?»

ስለ ግራና ቀኝ፣ ስለ ድቡልቡሉና ስለ ሹሉ ሊነግራት ፈለገ። እውነት ነበር፤ ግን ልጇ ላይ ያነጣጠርኩት እንዲተርፍልሽ ብዬ ነው ተብሎ ለእናት እንዴት ይነገራል።

የመንደሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ወረዱ። ሙዘይንን በጋቢ ሸፍነው አስተኙትና ሦስቱ ወንዶች ሦስቱን ጫፍ ያዙ። አራተኛው ባዶ ነበር። ኑርዬ ጠመንጃዋን መሬት ላይ ጣለና ጎንበስ ብሎ ያዘው።

ሰዎቹ አላነሡም። ማንም ክፉ አልተናገረውም፤ ጎንበስ እንዳሉ ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ገባውና እጁን ለቀቀ።

ያኔ ከኋላ የነበሩት ሽማግሌ፣ ሸህ ዘይኑልአቢዲን፣ ምርኩዛቸውን ለአሚናት ሰጥተው ያንን ጫፍ ያዙ። ቃሬዛው በእሳቸው በኩል ዘንበል እንዳለ፣ በየጥቂቱ እየቆመ፣ ዳገቱን ወጣ።